ቅጠሉስ ተነገረን፣ ማርከሻው የታለ?

ስልካችሁን ከፍታችሁ «ሆድ ድርቀት» ብላችሁ ፈልጉ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቪዲዮው ይደረደርላችኋል። አንዱ ሬት ጠጡ ይላል፤ ሌላው ሰናመኪ ከዝንጅብል ጋር አፍሉ ይላል፤ ሦስተኛው የጉሎ ዘይት በባዶ ሆድ ያዛል፤ አራተኛው ደግሞ «በሦስት ቀን ቦርጭ ቻው» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ያስቀምጣል። ከሥር ያለው አስተያየት ምርቃት ብቻ ነው። «ተባረክ»፣ «እናመሰግናለን»፣ «ሼር አድርጌዋለሁ»።

እንግዲህ ቅጠሉ ተነግሮናል። አዘገጃጀቱም እንደነገሩ ተነግሮናል። ያልተነገሩን ሦስት ነገሮች ናቸው። ምን ያህል? ለማን? ከበዛስ በምን ይመለሳል?

ለመጨረሻው ጥያቄ አባቶችና እናቶች ስም አላቸው፤ ማርከሻ ይሉታል። ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚሰጥ አዋቂ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሲጨርስ ወይም ሲበረታ የሚያቆመውን ነገር አብሮ ይናገራል። በብራና በተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥም ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ማርከሻው ተጽፎ ይገኛል። ማርከሻው ሁሉ በላቦራቶሪ የተፈተነ ነው ማለት አይደለም። ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መድኃኒቱን ሲሰጡ «ቢበዛስ?» ብለው አስበዋል። ቪዲዮው ይህን አያስብም።

ይህ ጽሑፍ የአያቶቻችንን መድኃኒት ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ሆድን የሚያንቀሳቅሱ ዕፅዋት በእርግጥ ይሠራሉ። ስለሚሠሩም ነው መጠን የሚያስፈልጋቸው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ሰው፣ ሳያውቀው «አይሠራም» እያለ ነው። ሰውነት ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ ሊበዛም ሊጎዳም ይችላል።

ሆድ በራሱ ያስባል

በአማርኛ «አንጀቴን በላው»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ራሰ» የምንለው ዝም ብለን አይደለም። ሆድ የሚሰማው አካል ነው። ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ባለው ረጅም ቱቦ ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ተዘርግተው ይገኛሉ። ስሜትን ይቀይራል እየተባለ የሚወራለት ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር አብዛኛው የሚመረተውም ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው።

በ1899 ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። ከውጭ ወደ አንጀት የሚመጡት ነርቮች ቢቆረጡም አንጀት ሥራውን አያቆምም። ምግብ ያለበት ቦታ ላይ ከኋላው ያለው ጡንቻ ይጨመቃል፤ ከፊቱ ያለው ይላላል። እንዲህ እየተጨመቀና እየላላ ምግቡ ወደፊት ይሄዳል። ማንም አያዘውም፤ ራሱ ያውቃል።

ምግብ ከገባበት ሰዓት እስከሚወጣበት ድረስ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ ውሃው ይመጠጣል። በፍጥነት ካለፈ ውሃው ሳይመጠጥ ይወጣና ተቅማጥ ይሆናል። ከዘገየ ደግሞ ውሃው ተመጦ ያልቅና ድርቀት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶችን የሚያስጨንቅ ነገር እንንገራችሁ። በየቀኑ ሽንት ቤት አለመሄድ በሽታ አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜም ሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ መሄድ ጤናማ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። የራሳችሁ ልማድ ሲቀየር፣ ሲያምም ወይም ሲያስምጥ ነው ጉዳይ የሚሆነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት «ምንም አልሆንክም» የሚለው ቃል ነው።

የሚገፋ፣ የሚያለሰልስ፣ የሚያረጋጋ

መርካቶም ሆነ ሾላ ገበያ ብትወርዱ «ለሆድ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ። ሁሉም «ለሆድ» ይባል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ይህን መለየት ከቻላችሁ ግማሹን አደጋ ራቃችሁት።

የመጀመሪያዎቹ የሚገፉት ናቸው። ሰናመኪ፣ ሬትና የጉሎ ዘይት እዚህ ይመደባሉ።

የሰናመኪ ነገር ይገርማል። የሚሠራው ንጥረ ነገር በጨጓራና በትንሹ አንጀት ውስጥ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይሰብሩትና ወደሚሠራው መልክ ይቀይሩታል። ያን ጊዜ አንጀቱ በኃይል መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ውሃ መምጠጡም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ታዲያ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጠጥቶ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለተኛ ብርጭቆ ይደግማል። ሌሊቱን ሁለቱም ብርጭቆዎች አንድ ላይ ይመጣሉ።

ሬት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይምታታል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቆዳው ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ አለ፤ መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፊትና ፀጉር ላይ የሚቀባው ዝልግልጉ ነው። አንጀትን የሚገፋው መራራው ፈሳሽ ነው፤ ሥራውም ከሰናመኪ ጋር ይመሳሰላል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡ ከነበሩ የሆድ ማለስለሻዎች መካከል ከሬት የተሠሩት በ2002 እንዲወጡ ተደርጓል፤ አምራቾቹ ደኅንነታቸውን የሚያሳይ በቂ መረጃ ስላላቀረቡ ነው። ቪዲዮው ላይ «ሬቱን ከነልጣጩ ፍጩት» ሲባል ስትሰሙ ይህን አስታውሱ።

ጉሎን ብዙ ቤት የሚያውቀው ምጣድ ሲሟሽበት ነው። ዘይቱ ግን ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ሆድ ለማስቀመጥ ሲጠጣ ኖሯል። ሰዎች ለዘመናት ሲጠጡት አሠራሩ በትክክል የታወቀው በቅርቡ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከዘይቱ የሚወጣው አሲድ አንጀት ጡንቻ ላይ ያለን አንድ ተቀባይ እንደሚነካ አሳየ። ያው ተቀባይ ማሕፀን ላይም አለ። ነፍሰ ጡር ሴት የጉሎ ዘይት እንዳትጠጣ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ማሕፀንንም ያኮማትራል። ፍሬውን ማኘክማ ፈጽሞ አይሞከርም። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ገዳይ መርዝ አለ፤ በአግባቡ በተዘጋጀው ዘይት ውስጥ አይገኝም እንጂ።

ሁለተኛዎቹ የሚያለሰልሱት ናቸው። ተልባ እዚህ ይመደባል፤ ፌጦም ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ዝልግልግ ያየ ሰው ዘመድ መሆናቸውን ያውቃል። እነዚህ አንጀቱን አይገርፉትም። ውሃ ይይዛሉ፤ ሰገራውን ያለሰልሱታል፤ መጠኑን ይጨምሩታል። አንጀቱ ሲሞላለት በራሱ ጊዜ ይገፋል። ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ የተበጠበጠ ተልባ በጾም ወቅት ከብዙ ቤት የማይጠፋው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ውሃ። ውሃ ሳይጠጣ ተልባ በማንኪያ የሚቅም ሰው ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል።

ሦስተኛዎቹ የሚያረጋጉት ናቸው። ሆድ ሲቆርጥ፣ ሲነፋ፣ ሲያቅለሸልሽ የሚጠጡት ናና፣ እንስላል፣ ጦስኝና ጤና አዳም እዚህ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የተጠናው የናና ዘመድ የሆነው ፔፐርሚንት ነው። በውስጡ ያለው ሜንቶል ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሕዋስ እንዳይገባ ስለሚከለክል የተኮማተረው አንጀት ይላላል። ለዚህም ነው ዘይቱ በካፕሱል ተደርጎ የአንጀት ቁርጠት ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠው።

ዝንጅብል ትንሽ ለየት ይላል። ታይዋን ውስጥ በ24 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ በፊት ዝንጅብል የወሰዱት ሰዎች ጨጓራቸው የምግቡን ግማሽ ለማስተላለፍ የፈጀበት ጊዜ ዝንጅብል ሳይወስዱ ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ማጠሩን አሳይቷል። ከጥጋብ በኋላ «ከበደኝ» የሚል ሰው የዝንጅብል ሻይ ሲጠጣ ቀለል የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው።

ቡናና ጫትም እኮ ዕፅ ናቸው

ስለ ባህል መድኃኒት ሲወራ የሚረሱ ሁለት ዕፅዋት አሉ። በየቀኑ ስለምናያቸው መድኃኒት አይመስሉንም።

ጠዋት ቡና ጠጥቶ ወዲያው ወደ ሽንት ቤት የሚሮጥ ጓደኛ የሌለው የለም። በ1990 የታተመ ጥናት ጉዳዩን ለክቶታል። ቡና በሚነካቸው ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል ቡናው በተጠጣ በ4 ደቂቃ ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ካፌይን የወጣለት ቡናም እንዲሁ አድርጓል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ካፌይን ብቻ አይደለም። ደግሞ በብዙ አካባቢ ተቅማጥ ለያዘው ሰው የተፈጨ ቡና በማር ይሰጣል። አንዱ ዕፅ በአንድ መልኩ ለማስኬድ፣ በሌላ መልኩ ለማስቆም ይፈለጋል። የዕፁ ስም ብቻ ምንም እንደማይነግረን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ጫት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ጨጓራ ምግብ ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል፤ የሚቃም ሰው የምግብ ፍላጎቱ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ሲጨመርበት ድርቀት ይመጣል። ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ እየቃመ ድርቀቱን በሰናመኪ የሚያባርር ወጣት አለ። በአንድ እጁ ፍሬን ይዞ በሌላው ነዳጅ እንደሚሰጥ ሹፌር ነው። መፍትሔው ሦስተኛ ቅጠል መፈለግ ሳይሆን የመጀመሪያውን መቀነስ ነው።

ከኮሶ የምንማረው

የአገራችን የሆድ መድኃኒት ንጉሥ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የከብት ሥጋ ትል አለ፤ አንዱ ትል አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ኮሶ ከዚህ ትል ጋር ስለኖረ በአማርኛ መድኃኒቱም ትሉም በአንድ ስም ተጠሩ። «ኮሶ ታየበት» ስንል ትሉን ነው፤ «ኮሶ ጠጣ» ስንል መድኃኒቱን ነው።

ኮሶ የታሪክ ሰዎችንም ነክቷል። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው ይሰድቧቸው ነበር። «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብሎ የፎከረውን ደጃዝማች ወንድይራድን ሲማርኩት ኮሶ አስጠጡት እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ መጥቶ ዛፉን በመጽሐፉ ገልጾታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ ተልኮ በመድኃኒት መደብሮች ይሸጥ ነበር።

አሠራሩ ሁለት እርምጃ አለው። አበባው ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ትሉን ያሽመደምዱታል፤ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ መቆየት ያቅተዋል። ቀጥሎ ኮሶው ራሱ ሆድ ስለሚያስቀምጥ ትሉን ጠርጎ ያወጣዋል። ማደንዘዝና መጥረግ ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ኮሶ ያለ ሥርዓት አይጠጣም ነበር። ከአንስቷ ዛፍ አበባ ተለይቶ ይለቀማል። ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይገባም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጌታውም አይጠራውም፤ እንግዳም አይመጣበትም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና የደከመ ሰው ይከለከላል። ይህ ሁሉ ልማድ ይመስላል እንጂ የጥንቃቄ መመሪያ ነው። ዛሬ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገባው ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ሥራ ያኔ በባህል ይሠራ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ኮሶ ይጎዳ ነበር። በዝቶ ሲወሰድ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ ዓይንን ሊያጠፋና ሕይወትን ሊቀጥፍ እንደሚችልም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አበባው ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ፣ ምን ያህል እንደደረቀ ኃይሉን ይቀይረዋል። እፍኝ እፍኝ ነው፤ ግን የዛሬው እፍኝ ከትናንቱ እኩል አይደለም። ዛሬ ለዚሁ ትል ፕራዚኳንቴልን የመሰለ፣ በሚዛን የተለካና ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር የሚጨርስ ክኒን አለ። ጥሬ ሥጋ በልታችሁ ከተጠራጠራችሁ ጤና ጣቢያ ሰገራ አስመርምሩ። ያ ለኮሶ ንቀት አይደለም፤ ኮሶ የጀመረውን ሥራ በልክ መጨረስ ነው።

«ሆድ ማጽዳት» ቦርጭ አያጠፋም

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። «ዲቶክስ»፣ «የማቅጠኛ ሻይ»፣ «ሆድ ማጽጃ» እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጠውን ስታዩ መጀመሪያ ማሸጊያውን አገላብጡ። ብዙ የማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ያለው ዋና ነገር ሰናመኪ ነው። ማሸጊያው ላይ ምን እንዳለበት ካልተጻፈማ ጭራሽ አትግዙት።

ሰናመኪ ለምን አያቀጥንም? ከምግብ የሚገኘው ስብ፣ ስኳርና ፕሮቲን በአብዛኛው የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ነው። ሰናመኪ የሚሠራው ደግሞ በትልቁ አንጀት ነው። ማለትም ካሎሪው ከገባ በኋላ ነው የሚደርሰው፤ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መናኸሪያ እንደ መድረስ ነው። በነጋታው ሚዛን ላይ ስትወጡ የቀነሰው ኪሎ ውሃ ነው። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ስትጠጡ ተመልሶ ይመጣል።

የቀነሰው ግን ውሃ ብቻ አይደለም። ከውሃው ጋር ፖታሲየም ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፤ የልብ ምት ይዛባል። እነዚህን ዕፅዋት ለወራት አዘውትሮ የሚወስድ ሰው የትልቁ አንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ይጠቁራል፤ ሐኪሞች በካሜራ ሲያዩት ያውቁታል። «ማጽጃ» የተባለው ነገር አንጀት ሲያጠቁር ማየት ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

ሌላም አለ፤ ወጣት ሴቶች በተለይ ስሙን። በአፍ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሥራውን የሚሠራው አንጀት ሲመጠው ነው። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ከባድ ተቅማጥ ካለ ክኒኑ በአግባቡ ላይመጠጥ ይችላል። «ዲቶክስ» የጠጣችበትን ሳምንት ያላሰበች ልጅ ባላሰበችው ጊዜ ልታረግዝ ትችላለች። የደም ግፊት መድኃኒት በተለይም ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስድ አባት ወይም እናት ካላችሁም ያው ነው፤ ክኒኑም ሰናመኪውም ፖታሲየም ይቀንሳሉ።

በር ተዘግቶ ሲገፋ

የሁሉም ጥንቃቄ ዋናው ይህ ነው። ሆድ የታመመው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚገፋ መድኃኒት አይጠጣም።

ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ታችኛው ቀኝ በኩል ይወርዳል። ምግብ ያስጠላል፤ ያስመልሳል፤ ትኩሳት ይኖራል። በዚህ ሰዓት ሰውየው «ሆዴ ደርቆ ነው» ብሎ የሚያስቀምጥ ነገር ከጠጣ የተቆጣው ትርፍ አንጀት ሊፈነዳ ይችላል።

የአንጀት መጠማዘዝም አለ። አገራችን ውስጥ አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሆዱ ይነፋል፤ ሰገራም አየርም አይወጣም፤ ቁርጠቱ ይመጣል ይሄዳል፤ በኋላም ማስመለስ ይከተላል። ከውጭ ሲታይ ከባድ ድርቀት ይመስላል። ግን መንገዱ ራሱ ተቋጥሯል። በተቆለፈ በር ላይ ሰው እንደ መግፋት ነው፤ በሩ አይከፈትም፤ የሚጎዳው የሚገፋው ነው። ለዚህ በሽታ ቅጠል የለውም፤ ሆስፒታል ነው፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ።

ሕፃናትን በተመለከተ ደግሞ አጭር ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። «ሆዱን ቆረጠው» ተብሎ ጤና አዳም ተጨምቆ የሚሰጠው ሕፃን፣ ለእኛ አንዲት ቅጠል የሆነችው ለእሱ ብዙ ናት። ጤና አዳም በቡና ስኒ ላይ ጣል ስትደረግ ሌላ ነው፤ ተጨምቆ ሲጠጣ ሌላ ነው። ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ከመታው ቆዳን ያቃጥላል። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ ዋናው ጉዳይ አንጀቱን ማስቆም አይደለም። የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው። ኦአርኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ በየጤና ጣቢያው አለ። እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ላይ እንዳይከመር፣ ልክክ ብሎ ይሁን። ማጠጣቱን ቀጥሉ፤ ጡት የሚጠባም ከሆነ ይጥባ። ዘመናዊው ማርከሻ ቢባል ይህ ነው።

ከመጠጣታችሁ በፊት

በመጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ውሃ፣ ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ የእግር ጉዞ። ቁርስ ከበላችሁ በኋላ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይነቃል፤ ያን ጊዜ ሽንት ቤት ለመሄድ ጊዜ ስጡት። ታክሲ ያመልጠኛል ብላችሁ የያዛችሁት ሰገራ ማታ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ይህ ካልበቃ ተልባን ከብዙ ውሃ ጋር ጀምሩ። የሚገፉት የመጨረሻዎቹ ይሁኑ፤ ያውም ለአንድ ሁለት ቀን፣ ፋርማሲስት ጠይቃችሁ። ፋርማሲ ውስጥ ያለው የሰናመኪ ክኒን መጠኑ የተለካ ነው፤ ከገበያ የተገዛው ቅጠል ግን አይደለም።

የባህል አዋቂ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ ጠይቁ። ዕፁ ማን ይባላል? የትኛው ክፍሉ ነው፣ ሥሩ፣ ቅጠሉ ወይስ ፍሬው? ምን ያህል? በስንት ሰዓት ይሠራል? ማን እንዳይጠጣው ይከለከላል? ማርከሻውስ? ጥሩ አዋቂ በጥያቄው አይቆጣም፤ እሱም ሲማር የተማረው ይህንኑ ነው። «ዝም ብለህ ጠጣ፣ ምስጢር ነው» ካላችሁ ግን መርቃችሁ ውጡ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱም የጠጣችሁትን አትደብቁ። ብዙ ሰው «ይቆጣኛል» ብሎ ይደብቃል። ሐኪሙ የጠጣችሁትን ካላወቀ የሚያዝላችሁ ክኒን ከዚያ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ አየር አልወጣ ካለ ቅጠል አትፈልጉ፤ ቀጥታ ሕክምና ተቋም ሂዱ።

ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣም ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አስተያየት መስጫው ላይ ሦስት ቃል ጻፉ፦ «ስንት? ለማን? ማርከሻውስ?» መልስ ከመጣ ሁላችንም እንማራለን። ካልመጣ ግን መልሱ ያው ታውቋል።